ከነጩ ምልክት ወጣ ብሎ

ሥራ ያስተወኝ ጉልበቴ ነው። ሐኪሙ የጉልበቴን ራጅ ወደ መስኮቱ አንሥቶ ካየ በኋላ፣ «ዳገቱን ይችሉታል፤ ቁልቁለቱን ግን ይተዉት» አለኝ። የእኛ ሥራ ደግሞ ከጉና ትከሻ ተነሥቶ እስከ ስማዳ ድረስ አብዛኛው ቁልቁለት ነው። በማግስቱ ንፋስ መውጫ ወዳለው ቢሯችን ሄጄ የቀለም ቆርቆሮውን፣ ብሩሹንና ፊሽካውን አስረከብሁ። ወጣቶቹ መንገድ መሪዎች ኬክ አስቆርሰው ሸኙኝ። ንግግር አድርጊ ተብዬ ተነሣሁና ሁለት ቃል ሳልናገር ተቀመጥሁ። ያን ቀን መናገር ያቃተኝን ነው እዚህ የምጽፈው።

ሥራዬ ፎቶ አንሺዎችን መምራት ነበር። ድርጅታችን ከጉና ተራራ ጀምሮ በላይ ጋይንትና በታች ጋይንት አድርጎ ስማዳ ውስጥ እስካለችው ወገዳ የሚዘልቅ፣ ቀናት የሚፈጅ የእግር መንገድ ነበረው። መንገዱ በየድንጋዩ ላይ ነጭ ቀለም ተቀብቶበታል። ነጩን እያየ የሚሄድ ሰው አይጠፋም፣ ውኃ አያጣም፣ ሳይመሽበት ማደሪያ ይደርሳል። መንገዱን የቀየሱት ሰዎች ያሰቡት ለውኃውና ለማደሪያው ነውና አብዛኛው በሜዳው መሀል የሚሄድ ነው። ገደሉን፣ ሸለቆውን፣ ጠዋት ጉሙ ከሥር ተኝቶ ፀሐይ ስትወጣበት ያለውን መልክ ማየት የሚፈልግ ከምልክቱ መውጣት አለበት። ፎቶ አንሺ ደግሞ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ የሚመጣው ለዚህ ነው። እነሱን ከምልክቱ አውጥቼ፣ ፎቷቸውን አስነሥቼ፣ ከነሙሉ አካላቸው ወደ ምልክቱ መመለስ የእኔ ድርሻ ነበር። አንድ ጊዜ ሳይሳካልኝ ቀርቷል።

የተወለድሁት እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ነው። ትምህርቴን እንደጨረስሁ ንፋስ መውጫ አክስቴ ዘንድ መጣሁና ጋሽ አለምነህ ፎቶ ቤት ተቀጠርሁ። ጋሽ አለምነህ ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ። እኔ ለመታወቂያ የሚመጣውን ሰው አገጩን ቀና አድርጌ፣ የሸሚዙን አንገት አስተካክዬ አስቀምጣለሁ፤ እሳቸው ያነሣሉ። በየወሩ ግን አንዳንድ ቀን ፎቶ ቤቱን ለእኔ ትተው ካሜራቸውን ይዘው በእግር ይወጣሉ። የሚመለሱት ፊታቸው በፀሐይ ተቃጥሎ፣ ደስ ብሏቸው ነው። ሌላው ፎቶ ቤት ደንበኛው ከጀርባው እንዲታይለት የባሕርና የዘንባባ ሥዕል ሲሰቅል፣ እሳቸው ራሳቸው ያነሡትን የጨጨሆን ገደል በትልቁ አሳትመው ሰቀሉ። ሰዉ ግን ባሕሩን ፈለገ። «ገደሉንማ በየቀኑ እናየው የለ» ይሏቸው ነበር። እሳቸውም ሳይከፉ ባሕር አስቀብተው ከጎኑ ሰቀሉለት።

ስልክ በሁሉም እጅ ሲገባ ፎቶ ቤቱ ቀዘቀዘ። በዚያው ሰሞን የእግር ጉዞው ድርጅት ተቋቋመና ሥራ አስኪያጁ አቶ ሙሉጌታ የማስታወቂያ ወረቀት ሊያሳትም መጣ። የጨጨሆውን ፎቶ ቆሞ አየና፣ «ይኼ የት ነው? በእኛ መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ቦታ አላየሁም» አለ።

«ከመንገዳችሁ ወጣ ብሎ ነው» አሉት ጋሽ አለምነህ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ እሳቸው መንገድ መሪ ሆነው ተቀጠሩ፤ እኔን ረዳት አድርገው ይዘውኝ ገቡ። ደመወዙ ብዙም አልነበረም፤ ነገር ግን ከአራት ግድግዳ ወጣሁ።

ከምልክቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጡኝ ቀን ካሜራዬን ተቀብለው ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱና ዚፑን ዘጉት። «እግርሽ እስኪቆም አይወጣም» አሉኝ። ገደል አፋፍ ላይ ሰው የሚወድቀው ዓይኑን ከሌንሱ ሳያነሣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲል ነው። እሳቸው ዘንድ ወይ መሄድ ነው ወይ ማንሣት፤ ሁለቱ ባንድ ጊዜ የለም። ከነጩ ድንጋይ ሲለዩ ደግሞ ጀርባቸውን ለገደሉ ሰጥተው የመጣንበትን አቅጣጫ ቆመው ያያሉ። እንግዳው «ብርሃኑ ሊያመልጠን ነው» እያለ ቢቁነጠነጥም አይነቃነቁም። «ስትመለሺ የምታይው መልክ ይኼ ነው። አሁን ካላጠናሽው ኋላ ሌላ አገር ይመስልሻል» ይሉኛል። ከዚያ ከኪሳቸው ቀይ ጨርቅ አውጥተው የሚታይ አስታ ቁጥቋጦ ላይ ያስራሉ። ስንመለስ ፈትተው ወደ ኪሳቸው ይመልሱታል፤ ነገ ሌላውን መንገደኛ እንዳያሳስት።

ብርሃንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጠዋት ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ሳለች የእያንዳንዱ ማሳ ድንበር ጥላ ይጥላል፤ ጉብታውና ጎድጓዳው ይለያል፤ የታረሰው ካልታረሰው ይለያል። ፀሐይ ከፍ ስትል ያ ሁሉ ይሟሽሽና ምድሩ እንደ ሰሌን ጠፍጣፋ ይሆናል። ስለዚህ ማልዶ መድረስ ነው። መመለሻችንን ደግሞ ከመውጣታችን በፊት ይወስኑታል። ከወሰኑ በኋላ ቀስተ ደመና ቢወጣ አንድ ደቂቃ አይጨምሩም። በዚህ ምክንያት ዓይኑ እንባ ያቀረረ እንግዳ አይቻለሁ።

ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ ከባላገሩ ጋር ያላቸው ነገር ነው። በእስቴ በኩል ባለው የጉና ትከሻ ላይ፣ ከነጩ ምልክትና ከአፋፉ መካከል፣ ደሴ የሚባል ገበሬ የገብስ ማሳ አለ። መጀመሪያ የሄድን ቀን ደሴ ዱላውን አግድም ይዞ ጠበቀን። ከእኛ በፊት የመጡ ፎቶ አንሺዎች እሸቱን ረግጠውበት ኖሯል።

«ከዚህ ወዲያ አገር የለም። የት ልትሄዱ ነው?» አለን።

ጋሽ አለምነህ ከማሳው ውጭ ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እንደምን አደርህ ወንድሜ። አፋፉ ላይ ቆመን ልናይ ነበር። በየት በኩል ብናልፍ አንጎዳህም?»

«ምኑን ታዩታላችሁ? ገደል ነው።»

«ገደሉን ነው የምናየው።»

ደሴ ዱላውን አወረደና ፈገግ አለ። «ገብሴን ትታችሁ ገደሉን ከፈለጋችሁስ ምን እላለሁ» ብሎ በድንበሩ በኩል እየመራ አሻገረን። ከዚያ ወዲህ ጋሽ አለምነህ ገና ከነጩ ምልክት ላይ ሆነው ደሴን ተጣርተው ሰላም ሳይሉ፣ ስንት ሆነን እንደምንገባ ሳይነግሩ አልፈው አያውቁም። ስንወጣም እንደዚያው።

አቶ ሙሉጌታ መጀመሪያ ላይ ከነጩ ምልክት መውጣትን በጥብቅ ከልክሎ ነበር። ለጋሽ አለምነህና ለእኔ ብቻ ነበር የሚፈቅደው። በኋላ እንግዶች «መንገዱ ምንም አያሳይም» እያሉ መጻፍ ሲጀምሩ ጠባዩ ተለወጠ። አንድ ቀን ሁላችንንም ሰብስቦ፣ «አውጧቸው። እኔ ግን አልሰማሁም» አለን። ይህ አባባል አልጣመኝም። አንድ ነገር ቢመጣ ብቻችንን መሆናችንን ነው የነገረን።

የመጣው ክረምቱ እየወጣ፣ ገብሱ ገና አረንጓዴ ሳለ ነው። ሰብለና ኢዮብ የሚባሉ ሁለት ፎቶ አንሺዎች ከባሕር ዳር መጡ። አብረው የሚሠሩ ናቸው፤ ኤግዚቢሽን ያዘጋጁ ነበር። ሰብለ ዝምተኛ ናት። ኢዮብ ተጫዋች፣ ጠንካራ፣ ተራራ የለመደ ሰው ነው፤ ከባዱን የካሜራ ስታንድ ለማንም አያሸክምም። የፈለጉት ከአፋፉ ትንሽ ወረድ ብሎ ያለውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ የአንድ ጎጆ ወለል ያህላል። ወደዚያ የሚያደርሰው በገደሉ ወገብ የሚሄድ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ቀጭን መተላለፊያ ነው። እዚያ ሲደረስ እስቴ በሙሉ ከእግር ሥር ነው፤ ጉም በየሸለቆው ተኝቶ፣ የየደብሩ ደን ከጉሙ ብቅ ብቅ ብሎ ይታያል።

ጋሽ አለምነህ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ወጣን። ደሴን ሰላም አልነው። ጋሽ አለምነህ ቀዩን ጨርቅ አሰሩና ጥቂት ሄደን፣ «የሺ፣ ጨርቁ ከዚህ ይታያል?» አሉኝ። ጨርቁ በቀኛቸው በኩል ይውለበለባል። ድሮ እንደሚያደርጉት ሊፈትኑኝ መስሎኝ፣ «ይታያል» አልሁ። መተላለፊያው ላይ ስንደርስ በግራ እጃቸው የገደሉን ግድግዳ እየዳበሱ ሄዱ። ይህን ከዚያ በፊት አይቼባቸው አላውቅም።

ድንጋዩ ላይ ስንደርስ ብርሃኑ የተመኘነው ዓይነት ነበር። ጋሽ አለምነህ ሰብለን ከጎናቸው አቁመው፣ «ያቺን ደን የከበባትን ቤተ ክርስቲያን ከታች ግራ ጥግ አድርጊያት። ጉሙ ወደ ቀኝ ይሄድልሻል» አሏት። ካሜራዋን አስተካክላ ስታይ፣ «አገኘሁት» ብላ ሳቀች። ልክ ነበሩ፤ ያን ያህል ርቀት ያለችውን ደን እኔ እንኳ ለመለየት ዓይኔን ጠበብ ማድረግ ነበረብኝ። ከዚያ ለሰብለ ቦታ ሊለቁላት ወደ ጎን አንድ እርምጃ ተራመዱ። በዚያ በኩል ድንጋዩ ያልቅና የጓሳ ሣር ወደ ባዶው አጎንብሶ በቅሏል። እግራቸው ሣሩ ላይ አረፈ። ከሣሩ ሥር ምንም የለም።

«ጋሼ፣ ይቁሙ» አልሁ። ድምፄን ከፍ አላደረግሁም፤ ቢደነግጡ እፈራ ነበር።

ቆሙ። ክብደታቸው ገና በሌላው እግራቸው ላይ ነበር። ሄጄ ክንዳቸውን ያዝሁና፣ ሌሎቹ እንዲሰሙ፣ «ይቺን ሌንስ ይዩልኝ እስቲ» እያልሁ ወደ ግድግዳው ሳብኋቸው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኋቸው ቀስ ብዬ።

«ከፋሲካ ወዲህ። ሐኪሙ ግላኮማ ነው አለኝ። ጎን ጎኑ ጠፍቶኛል፤ እንደ በር ቀዳዳ መሀሉ ብቻ ቀርቶኛል።» በአገጫቸው ወደ እስቴ እያመለከቱ፣ «ማዶውን በደንብ አየዋለሁ የሺ። የማላየው እግሬን ነው» አሉኝ።

ይህን ስሰማ የተሰማኝን በትክክል መግለጽ አልችልም። ለማዘን ጊዜ አልነበረኝም። ዞር ብዬ፣ «አሁን እንመለሳለን» አልሁ።

«ብርሃኑ ገና ነው እኮ፣ እትዬ የሺ» አለ ኢዮብ።

መልስ ሳልሰጠው ነፋሱ ዞረ። ከሥር ተኝቶ የነበረው ጉም መነሣት ጀመረ። ጉና ላይ ጉም ሲወጣ እንደ ጭስ ነው፤ ካሜራውን ወደ ቦርሳው እስክንመልስ ማዶው ጠፋ። መተላለፊያው ላይ እኔ ከፊት ሆንሁ፤ ጋሽ አለምነህ የቦርሳዬን ማንገቻ ያዙ፤ ሰብለ ቀጥላ፣ ኢዮብ መጨረሻ። እርምጃ በእርምጃ ተሻገርን። የሚሰማው የሰብለ ትንፋሽ ብቻ ነበር። መተላለፊያውን ጨርሰን ወደ ደሴ ማሳ የሚያወጣውን ዳገት ስንጀምር በረዶው ወረደ።

በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሣሩም ድንጋዩም ነጭ ሆነ። ያን ቀን ያወቅሁት ነገር ቢኖር የምልክታችን ቀለም በበረዶ ቀን ከንቱ መሆኑን ነው። ከአንድ ቋጥኝ ሥር አስጠጋኋቸውና፣ «በረዶው እስኪያባራ እዚህ እንቀመጣለን» አልሁ።

«ምልክቱ ከላያችን ነው» አለ ኢዮብ። «ቀጥ ብለን ብንወጣ እንደርሳለን።»

«ልክ ነህ፣ ከላያችን ነው። በረዶው ግን ሣሩ ላይ እንደ ጠጠር ነው፤ እግር አይዝም። ያባራ።»

«ሰብለን አታዪያትም? ከንፈሯ ጠቁሯል። እስኪያባራ አትቆይልንም።»

ያለው እውነት ነበር። ሰብለ እየተንቀጠቀጠች ጥርሷ ይንገጫገጫል። ጋቢዬን አውልቄ ደረብሁላት። ጋሽ አለምነህ፣ «ልጄ፣ ተቀመጥ» አሉት ኢዮብን። ኢዮብ ግን ተነሣ። «ምልክቱን አግኝቼ እጠራችኋለሁ፤ በድምፄ ትመጣላችሁ» አለ። የጃኬቱን እጅጌ ጨብጬ ያዝሁት። ሳይቆጣ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቀና፣ «አይዞሽ፣ አልርቅም» ብሎኝ ጉሙ ውስጥ ገባ።

የሚረግጠው በረዶ ሲሰበር ይሰማን ነበር። ከዚያ ከላይ ድምፁ መጣ። «አገኘሁት። ነጩ ድንጋይ ጋ ነኝ።» በዚያች ሰዓት ግን ድንጋይ ሁሉ ነጭ ነው። ወዲያው የሚንሸራተት ነገር ሰማን፤ በቀኛችን በኩል አለፈን። ስታንዱ ከድንጋይ ድንጋይ እየተጋጨ ሲወርድ ድምፁ ለረጅም ጊዜ ተሰማ። ከዚያ ጸጥ አለ።

ሰብለ ስሙን ጠራች። ቆይቶ ኢዮብ ከታች፣ ድንጋይ ተንዶ ከተከመረበት ፈረፈር ውስጥ አቃሰተ።

ልወርድ ስነሣ ጋሽ አለምነህ ክንዴን ያዙና፣ «አብረን ነው» አሉ። አይሆንም ልላቸው አፌን ከፍቼ ተውሁት። በዚያ ጉም ውስጥ የእሳቸውና የእኔ ዓይን እኩል ነበር። እንዲያውም እሳቸው ለወራት በእጃቸው መሄድ ለምደዋል። ተቀምጠው፣ ተረከዛቸውን እየተከሉ፣ ድንጋዩን እየዳበሱ ቀድመውኝ ወረዱ፤ የት መርገጥ እንዳለብኝ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ኢዮብን ፈረፈሩ መሀል ተጋድሞ አገኘነው። ከጉልበቱ በታች አጥንቱ ሱሪውን ቀዶ ወጥቷል። በጋሽ አለምነህ ከዘራና ወገቤን ከታጠቅሁበት ነጠላ በቀደድሁት ጨርቅ እግሩን አሰርነው። ጋሽ አለምነህ ጋቢያቸውን አልብሰውት ራሱን ጭናቸው ላይ አደረጉ።

«እኔ ከእሱ ጋር እቀራለሁ» አሉኝ። «ልጅቷን ይዘሽ ውጪ። ደሴን ጥሪው።»

ሁለቱን እዚያ ትቶ መሄድ በሕይወቴ ካደረግሁት ሁሉ ከባዱ ነው። ወጣሁ። ሰብለን በወገቧ ደግፌ ስሄድ በረዶው አባራ፤ ጉሙም ሳሳ። ምድሩ ሁሉ ነጭ በመሆኑ ቀዩ ጨርቅ ከሩቅ ታየኝ። ወደዚያ ሄድን። ደሴን መጣራት አላስፈለገኝም፤ ከወንድሙ ጋር ሆኖ ማሳው ጫፍ ላይ ቆሟል።

«አራት ሆናችሁ ነበር የገባችሁት» አለኝ። «በረዶው ሲወርድ አለመውጣታችሁን አይቼ ነው የመጣሁ። ሁለቱስ?»

ነገርሁት። ወዲያው ወንድሙን ጠፍርና ቃሬዛ እንዲያመጣ፣ ጎረቤቱን እንዲጠራ ላከው። ሚስቱ ሰብለን ወደ እሳት ወሰደቻት። እኔ ከወንዶቹ ጋር ተመለስሁ። ፈረፈሩ አጠገብ ስንደርስ መጀመሪያ የሰማሁት የጋሽ አለምነህን ድምፅ ነው። ረጋ ብለው ያወራሉ። «አሁን ጉሙ ባይኖር ከፊትህ የምታየው የጊዮርጊስ ደን ነው። ከሱ ወዲህ ወንዙ አለ። ወንዙን ተሻግረህ ደግሞ ምን አለ ብዬህ ነበር? ንገረኝ፤ አትተኛ።» ኢዮብ በደከመ ድምፅ፣ «የባቄላ ማሳው» ይላል። ያን አገር ሁሉ፣ መንደር በመንደር፣ ማሳ በማሳ ሲነግሩትና መልሰው ሲጠይቁት ነው የቆዩት።

የደሴ ጎረቤቶች እየተፈራረቁ ተሸክመው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ መኪና ከሚደርስበት አደረሱት። መጀመሪያ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ታከመ፤ ከዚያ ወደ ባሕር ዳር ተወሰደ። ሐኪሞቹ ብዙ ደከሙ፤ ነገር ግን እግሩ ከጉልበት በታች ተቆረጠ።

ለብዙ ወራት እጄን ጨብጬ ነበር የምነቃው። አጥብቄ ይዤው ነበር። ግን አልበቃም።

ደብረ ታቦር ሳለን፣ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ጋሽ አለምነህ፣ «የዓይኔን ነገር ለሙሉጌታ አትንገሪው» አሉኝ። «ልጁ የወደቀው በእኔ ዓይን አይደለም። ከሰሙ ግን በእኔ ያደርጉታል። ይህን ታውቂያለሽ።»

አውቃለሁ። ያሉት ሁሉ እውነት ነበር። ግን ያችን ሣር ላይ ያረፈች እግራቸውን አይቻታለሁ።

«ጋሼ፣ ስለ አደጋው ከተጠራው ስብሰባ በፊት እርስዎ ይንገሩት» አልሁ። «ካልነገሩት እኔ እነግረዋለሁ።»

አላዩኝም። «ከፎቶ ቤት ጀምሮ ያሳደግሁሽ ልጅ ነሽ» አሉ።

በስብሰባው ዕለት አቶ ሙሉጌታ ማን ከምልክቱ እንዳወጣቸው ጠየቀ፤ እሱ ራሱ «አውጧቸው» እንዳላለ ሰው። ጋሽ አለምነህ ስለ በረዶው ተናገሩና ተቀመጡ። ስለ ዓይናቸው አልተናገሩም። ተነሣሁ። ኢዮብ የወደቀው ብቻውን ወደ ዳገቱ ስለወጣ መሆኑን፣ ሕይወቱን ያተረፉት ጋሽ አለምነህ መሆናቸውን፣ እንግዶችን እንድናወጣ የነገረን አቶ ሙሉጌታ መሆኑን ተናገርሁ። መጨረሻ ላይ፣ «ጋሽ አለምነህ እግራቸውን አያዩም። ከዚህ በኋላ ሰው መምራት የለባቸውም» አልሁ። ጋሽ አለምነህ ባርኔጣቸውን አንሥተው፣ የበሩን መቃን በእጃቸው ፈልገው ወጡ።

ከዚያ በኋላ አላነጋገሩኝም። ለበዓል ቤታቸው እሄዳለሁ፤ ልጃቸው አበባ በሩን ከፍታ፣ «ተኝተዋል» ትለኛለች፤ ያመጣሁትን ሰጥቼ እመለሳለሁ። የእሳቸው ቦታ ለእኔ ተሰጠ። ደስታ የሌለው ሹመት ነበር። አቶ ሙሉጌታን ተከራክሬ፣ ከደሴና ከሌሎች ባለማሳዎች ጋር ዞረን፣ ከነጩ መንገድ ወደ አፋፉ የሚያወጡ አጫጭር መንገዶች ለይተን በቢጫ ቀባን። በበረዶም የሚለይ ቀለም መሆኑን ሁለት ክረምት ጠብቄ አረጋግጫለሁ። ጠፍጣፋውን ድንጋይ አልቀባንም። ብዙ ሰው ጠይቆኛል፤ ማንንም አልወሰድሁም። ጸጥታው ሲደፈርስ እንግዳው ተቋረጠ፤ ትንሽ ሲሻል ጥቂት ተመለሰ።

ከተመለሱት መካከል ኢዮብ ነበረ። በሰው ሠራሽ እግርና በከዘራ ነው የመጣው። ሳየው መሬት ብትውጠኝ ወደድሁ፤ እሱ ግን አቅፎ ሳመኝ። በቢጫው መንገድ እስከ አንዱ አፋፍ አብረን በዝግታ ሄድን። ፎቶ አንሥቶ ሲጨርስ፣ «ጋሽ አለምነህ አሉ?» አለኝ። «እዚያ ፈረፈር ውስጥ ስለ ሕመሙ ብዙ አላስታውስም። የማስታውሰው ድምፃቸውን ነው። ሳልሰማው መመለስ አልፈልግም።»

እንደማያነጋግሩኝ ነገርሁት። «በሩ ድረስ አድርሽኝ» አለ።

አበባ በሩን ስትከፍት ኢዮብ አስቀድሞ ገባ፤ እኔ ከመድረኩ ውጭ ቀረሁ። ጋሽ አለምነህ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው አሁን ከናካቴው ጠፍቷል። ኢዮብ ስሙን ሲነግራቸው እጃቸውን ዘርግተው ፊቱን፣ ትከሻውን ዳሰሱ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

«የሺ ናት ያመጣችህ?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አልሁ።

«ለምን ውጭ ትቆሚያለሽ?»

ገባሁ። የት እንደምቆም አላወቅሁም።

«ያን ዕለት ከስብሰባው ተናድጄ ወጣሁ» አሉ ወደ እኔ ዞረው። «በማግስቱ ሙሉጌታን ልከራከረው በጠዋት ለባበስሁ። ከዚህች ከራሴ ደጃፍ ደረጃዋን ስቼ በአፍጢሜ ተደፋሁ። አበባ ናት ያነሣችኝ። ሰው አስከትዬ ገደል ልወርድ የምከራከር ሰው፣ ከደጄ መውጣት አቃተኝ።» አፋቸውን በእጃቸው ጠረግ አደረጉ። «እስካሁን ቂም የያዝሁብሽ መስሎሽ ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«አፍሬ ነው» አሉ።

አበባ ፊቷን አዞረች። ኢዮብ ከዘራውን ተደግፎ መሬት መሬቱን ያያል።

«በይ እንግዲህ ለእንግዳው ወንበር አቅርቢለት» አሉኝ ጋሽ አለምነህ፣ ፎቶ ቤት ሳለን ያዝዙኝ በነበረው ድምፅ። «ሰውዬውን በአንድ እግሩ ልታቆሚው ነው?»

መጀመሪያ የሳቀው ኢዮብ ነው። ከዚያ እሳቸው ሳቁ። እኔ ወንበሩን ላመጣ ሄድሁ፤ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ትንሽ ቆየሁና ዓይኔን ጠርጌ ተመለስሁ።